ልጄ ፐብሊክ ሄልዝ ልማር አለች፣ ብድሩን ልፈርምላት?

ደብዳቤው ረጅም ነበር፣ ዋና ዋናውን ብቻ ነው ያስቀረሁት፦

«እህቴ እንደምን አለሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ 49 ዓመቴ ነው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ ከአምና ጀምሮ ግን ስራው በጣም ቀዝቅዞበታል። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ፐብሊክ ሄልዝ ነው የምማረው ብላ ዲሲ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፣ ስኮላርሺፑ ምናምኑ ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 38 ሺ ዶላር ትከፍላላችሁ ይላል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክም ተቀብሏታል፣ ከቤት እየተመላለሰች ከተማረች በዓመት 12 ሺ ገደማ ነው፣ ልቧ ግን ዲሲ ነው። አባቷ ደግሞ ነርሲንግ ካልሆነ ሰባራ ሳንቲም አልፈርምም ብሎ ቁጭ ብሏል። እኔ ፐብሊክ ሄልዝ ሲባል የማውቀው ጤና መኮንን ነው፣ እሱ ደግሞ አገር ቤት የተከበረ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ከተሳቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። ፔረንት ፕላስ የሚባለውን መንግስት ለወላጅ የሚሰጠውን ብድር ልፈርምላት ወይስ አባቷን ልስማ? እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን የጤና መኮንን ነገር እናጥራው፣ ምክንያቱም እኔም በዚሁ ስም ተታልዬ ነው የገባሁበት። አገር ቤት ጤና መኮንን ማለት ጎንደር የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ በሽተኛ የሚያይ፣ መድኃኒት የሚያዝ፣ ጤና ጣቢያ የሚመራ ሰው ነው፣ ዲግሪውም ላይ ፐብሊክ ሄልዝ ነው የሚለው። እዚህ ግን ፐብሊክ ሄልዝ ባችለር የያዘ ሰው በሽተኛ አይነካም፣ መርፌ አይወጋም፣ እንደ ነርስ ላይሰንስ የሚባል ነገርም አብሮት አይመጣም። ስራው ፕሮግራም ማስተባበር ነው፣ ዳታ መሰብሰብ ነው፣ ሰው ክትባት እንዲወስድ ስኳሩን እንዲለካ ማስተማር ነው፣ ሬስቶራንት ኢንስፔክት ማድረግም ይገኝበታል። ስለዚህ አንቺ በሃሳብሽ ነጭ ጋውን ለብሳ ካየሻት፣ ልጅቷ የምታወራው ስለሌላ ነገር ነው፣ አባቷም ነርሲንግ የሚለው ያው ጋውኑን ፈልጎ ይመስለኛል። አንድ ምሽት ቡና አፍሉና «ተመርቀሽ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ምን ስትሰሪ ነው የሚታይሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ አባቷ መሃል ላይ እንዳይገባ አደራ።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። የአሜሪካ የሰራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ያወጣው የሜይ 2024 ቁጥር አለ፣ መካከለኛ ደሞዝ ማለትም ግማሹ ሰው ከዚያ በላይ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኘው። ኮሚኒቲ ሄልዝ ወርከር (የኛ ጤና ኤክስቴንሽን ዘመድ በይው) 51 ሺ ዶላር ገደማ ነው፣ ሄልዝ ኤጁኬሽን ስፔሻሊስት የሚባለው 63 ሺ፣ ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታ ስርጭት የሚያጠናው) 84 ሺ ገደማ ግን ለሱ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃሉ። ሬጅስተርድ ነርስ ደግሞ 93 ሺ ከ600። አባቷ ዝም ብሎ ድርቅ አላለም፣ ቁጥሩ ከሱ ጋር ነው፣ ይሄን ፊት ለፊት ንገሪው እስቲ ደስ ይበለው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ሃያ ዓመት የሰራውንም ማስተርስ ያለውንም ሁሉ የጨመሩ ናቸው፣ አዲስ ተመራቂ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ስጀምር 46 ሺ ነበር፣ ያውም እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)፣ አንድ መኝታ ቤት ሲከራዩበት ምን እንደሚተርፍ አንቺው ታውቂዋለሽ።

የኔን ካነሳሁ አይቀር ልንገርሽ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኮንታክት ትሬሰር ሆኜ ተቀጠርኩ፣ ማለት ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ደውለሽ ከማን ጋር ነበርክ፣ ምግብ አለህ ወይ፣ ከቤት እንዳትወጣ ማለት ነው፣ አማርኛ ስለምችል የኛን ሰዎች ፋይል ለኔ ነበር የሚሰጡኝ። አንድ አባት በእንግሊዝኛ ሲደወልላቸው ስድስቴ ዘግተዋል፣ እኔ በአማርኛ ስደውል «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጀመሩ፣ ዘሬን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ነው ታክሲያቸው ውስጥ እነማን እንደነበሩ የነገሩኝ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ያንን ስራ በህይወቴ ከሰራሁት ሁሉ እወደዋለሁ። ግን ደሞዜ የሚመጣው ከግራንት (ለተወሰነ ጊዜ ከሚሰጥ የፕሮጀክት ገንዘብ) ነበር፣ ግራንቱ ሲያልቅ አንድ አርብ ከሰዓት በዙም ሰብስበው አመሰግናለሁ አሉን፣ በቃ። ብድሩ ግን ግራንት አላለቀበትም፣ በየወሩ ይመጣል።

ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ የዚህ ሙያ ጠባዩ ስለሆነ ነው። በማርች 2025 የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ለስቴትና ለካውንቲ ጤና ቢሮዎች ሲሰጥ ከነበረው የኮቪድ ጊዜ ገንዘብ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ፣ በዚያው ወር ወደ 10 ሺ ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ፣ ዩኤስኤድም በዚያው ዓመት ተዘጋ። እኛ አካባቢ ፐብሊክ ሄልዝ የተማረው የሚሰራው ደግሞ በአብዛኛው ወይ መንግስት ጋ ወይ ከመንግስት ገንዘብ በሚያገኝ ኤንጂኦ ነው፣ ስለዚህ የልምድ ዓመት ያላቸው ሰዎች ልጅሽ ነገ በምታመለክትበት ቦታ ላይ አብረው እያመለከቱ ነው። ሙያው አይሞትም፣ በሽታ ስራ አያቆምም፣ ግን እንዲህ የሚዋዥቅ ደሞዝ ላይ የማይዋዥቅ ትልቅ ብድር መጫን አይመቸኝም።

እና ዋናው ነገሬ ይሄ ነው፣ ከልጅቷ ጋር በዲግሪው አትጣሉ፣ በዋጋው ተጣሉ። ያው ፐብሊክ ሄልዝ ባችለር አራቱ ዓመት ተደምሮ በ48 ሺም ይገኛል በ152 ሺም ይገኛል፣ የሚቀጥርሽ ካውንቲ ደግሞ ደሞዙን ሲያወጣ የት ተማርሽ ብሎ አይጨምርልሽም።

የዲሲውን እስክሪብቶ ይዘን እናስላው። ልጅሽ በራሷ ስም ከፌዴራል መንግስት መበደር የምትችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500፣ በጠቅላላ 27 ሺ ነው። ከ152 ሺ ላይ 27 ስታነሺ 125 ሺ ይቀራል። ይሄንን ነው እንግዲህ ፔረንት ፕላስ ይሸፍነዋል የሚሉሽ። ድሮ ቢሆን ይሸፍነው ነበር፣ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ወላጅ በዓመት ከ20 ሺ በላይ ለአንድ ልጅ በጠቅላላ ከ65 ሺ በላይ አይሰጥም ብሏል። አሁን ዓመቱን በዓመት አስቢው፣ መጀመሪያ ዓመት 12,500 ይጎድልሻል፣ ሁለተኛው 11,500፣ ሦስተኛው 10,500፣ አራተኛው ዓመት ላይ ግን ከ65 ሺው 60ውን ስለጨረስሽው 5 ሺ ብቻ ነው የሚቀርሽ፣ ስለዚህ ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት በአንዴ 25,500 ዶላር ከኪስ አምጪ ትባያለሽ። ሦስት ዓመት ተምራ እዚያ ላይ ማቋረጥ ማለት ዲግሪ ሳይኖር ዕዳ ማለት ነው፣ ከዚህ የባሰ የለም። ሲደመር 60 ሺ ነው ጉድለቱ፣ ያንን ደግሞ የባንክ የግል ብድር ነው የሚያሟላው፣ ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) አምጪ ይሉሻል፣ ኮሳይነሯ አንቺ ነሽ።

የፕላሱ ወለድ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት 8.94 በመቶ ነበር፣ በየዓመቱ ይቀየራል ግን ከተማሪው ብድር ሁሌም ከፍ ያለ ነው (የተማሪው 6.39 ነበር)። ከዚያ ሌላ ገና ሲሰጡሽ ከ4 በመቶ በላይ ፊ (የአገልግሎት ክፍያ) ቆርጠው ነው፣ 20 ሺ ፈርመሽ ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው 19,150 ገደማ ነው፣ ወለዱ ግን በ20 ሺው ላይ ነው የሚቆጠረው። 65 ሺውን በዚያ ወለድ በአዲሱ ደንብ መሠረት በ20 ዓመት ስትከፍይ በወር ወደ 580 ዶላር ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የከፈልሽው ወደ 140 ሺ ይሆናል፣ ያውም ልጅቷ እስክትመረቅ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳልጨምር። ከተመረቀች በኋላ መክፈል ብትጀምሪ 53 ዓመትሽ ነው፣ ስትጨርሺ 73። ሲኤንኤ ሆነሽ በሽተኛ ስታነሺ ስታስተኚ ወገብሽ እስከ 73 ይችላል?

ደግሞ ይሄን ስሚኝ፣ ፕላስ ያንቺ ብድር ነው። እንደ አገር ቤቱ ወጪ መጋራት ተምራ ስትቀጠር ከሷ ደሞዝ የሚቆረጥ እንዳይመስልሽ። ፎርሙን ስትከፍቺው ተበዳሪ የሚለው ቦታ ላይ ያንቺን ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው የሚጠይቅሽ፣ ልጅሽ «እኔ እከፍለዋለሁ እማ» ብትል ቃሏን አምናለሁ፣ ግን ካልቻለች የሚደወለው አንቺ ጋ ነው፣ ክሬዲቱም የሚበላሸው ያንቺ ነው። እንደ ገቢ መጠን ክፍያ የሚቀንሰው ራፕ የሚባለው አዲሱ ፕላን ለፔረንት ፕላስ አይሰራም። ለልጅሽ የራሷ ብድር ግን ይሰራል፣ ለምሳሌ 45 ሺ እያገኘች ብቻዋን ከሆነች በወር 150 ዶላር ያህል ነው የሚደርስባት፣ ካውንቲ ጤና ቢሮ ወይም ነንፕሮፊት ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ ሰዓት እየሰራች 120 ወር በትክክል ከከፈለች ደግሞ ቀሪውን የሚሰርዝ ፕሮግራም አለ፣ ፐብሊክ ሄልዝ የሚማር ሰው ሊጠቀምበት የሚችለው ዋናው ነገር እሱ ነው። ለዚህ ነው ብድር መኖሩ ካልቀረ በሷ ስም በተፈቀደላት ልክ ይሁን የምለው።

ኮሌጅ ፓርክን እንየው። 12 ሺ በ4 ዓመት 48 ሺ፣ የሷን 27 ሺ ስታነሺ 21 ሺ ይቀራል፣ በዓመት በአማካይ 5,250 ማለት ነው። ታክስ ስትሰሩ ለኮሌጅ ተማሪ እስከ 2,500 ዶላር የሚመልስ ክሬዲት አለ፣ ለ4 ዓመት፣ እንደናንተ ያለ ገቢ ያለው ቤተሰብ ያገኘዋል፣ ታክስ የሚሰራላችሁን ሰው ጠይቂው ብዙ ጊዜ ይረሱታል። የቀረውን ዕቁብ ይችለዋል፣ እውነቴን ነው፣ እኔ የማውቃት አንዲት ሴት የሁለት ልጆቿን ሴሚስተር በዕቁብ ነው የከፈለችው፣ ዕጣዋን ኦገስት ላይ አድርጉልኝ ብላ ዳኛውን ለምና፣ ዳኛውም «ለትምህርት ከሆነ» ብሎ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ልጅቷ ዶርም ያምራታል አውቃለሁ፣ 18 ዓመቷ ነው ምን ታድርግ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሰርታ ትግባ።

ሦስተኛም መንገድ አለ፣ ደብዳቤሽ ላይ ስላላነሳሽው ምናልባት ስሙ ከብዶሽ ይሆናል፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ። እናንተ ካውንቲ ስለሆነ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሺ ነው፣ ሁለት ዓመት እዚያ ተምራ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች፣ ፐብሊክ ሄልዙ ሮክቪል ሼዲ ግሮቭ ካምፓስም ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጨርሶ ሳትበደር ልትወጣው ትችላለች፣ ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የጨረሰችበት ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ስንል ለቅሶ ቤት የተቀመጥን የምንመስለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ «የነእንትና ልጅ የት ገባች» የሚለውን ጥያቄ ፈርተን 100 ሺ ዶላር እንከፍላለን እንዴ? ብቻ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የትኛው ኮርስ እንደሚዛወር ከአድቫይዘር ጋ ተጽፎ ይያዝ፣ የማይዛወር ክላስ ወስዶ ዓመት ያባከነ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ልጅቷን ለማሳመን እኔ ያልኩሽን አትንገሪያት፣ ቁጥሩን ራሷ ታግኘው። የትምህርት ሚኒስቴራቸው ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነጻ ዌብሳይት አለው፣ የትምህርት ቤቱን ስም ትጽፊና የትምህርት ዘርፉ ውስጥ ገብተሽ ፐብሊክ ሄልዝ ስትነኪ የዚያ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ስንት እንደሚያገኙና ስንት ተበድረው እንደወጡ ያሳይሻል። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ትክፈታቸው። ቁጥሩ የፌዴራል ብድር ወይ ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) የወሰዱትን ብቻ እንደሚቆጥርና ዕዳ የሚለው የተማሪውን እንጂ የወላጁን ፕላስ አብሮ እንደማይደምር ግን ንገሪያት፣ ዕዳው ትንሽ መስሎ እንዳያታልላት። እኔ የምከተለው ልክ ጠቅላላ ዕዳዋ (የሷም ያንቺም ተደምሮ) ከመጀመሪያ ዓመት ደሞዟ አይበልጥ የሚለው ነው፣ ለዚህ ዲግሪ 45 ሺ ብለሽ ያዢ።

ሌላው ምክንያቴ፣ ይሄ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ከ84 ሺው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ማስተርስ ይመጣል፣ ለማስተርስ ደግሞ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፌዴራል የሚያበድረው በዓመት እስከ 20,500 ብቻ ነው፣ ያለገደብ ይሰጥ የነበረው ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ባችለሩ ላይ ጉልበታችሁን ከጨረሳችሁ እዚያ ስትደርስ ምን ትይዛላችሁ? በርካሽ ተምራ ሁለት ሦስት ዓመት ብትሰራ ማስተርሱን ቀጣሪዋ ሊያግዛት ይችላል፣ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ቀጣሪ ለትምህርት የሚከፍለው ታክስ የለውም፣ ስለዚህ ብዙ ሆስፒታሎች ይሰጣሉ። እስከዚያ ድረስ ምርጫ ስታደርግ ለስላሳ ለስላሳውን ኮርስ ብቻ አትሰብስብ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ዳታ የሚሰራበት ሶፍትዌር ትማር፣ ቼስ የሚባለውን የሄልዝ ኤጁኬሽን ፈተና የሚያስፈትናትን ክሬዲት ታሟላ። ሬስቶራንት መፈተሹን ካልናቀችው ደግሞ ሳይንስ ኮርሶች ትጨምር፣ የካውንቲ ቋሚ ስራ ነው፣ እንደኔ በአርብ ዙም አይበተንም።

አማርኛዋስ? ትሰማለች ግን ማንበብ አትችልም መሰለኝ፣ የኛ ልጆች እንደዚያ ናቸው። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ለሚናገር ሰው በቋንቋው ማስተናገድ አለባቸው፣ ክሊኒኮቹም አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። በዚህ ክረምት ፊደል አስቆጥሪያት፣ ያለ ቀልድ፣ ያቺ የኮቪድ ስራዬ የተገኘችው በዲግሪዬ ሳይሆን በሱ ነው።

አባቷን በተመለከተ፣ ነርሲንግ ጥሩ ስራ ነው፣ ልጅቷ ከፈለገችው ነገ ጠዋት ትግባ እላለሁ። ግን ሳይፈልጉ የገቡ ልጆች ሁለተኛ ዓመት ላይ ክሊኒካል ሲጀምሩ ሲያቋርጡ አይቻለሁ፣ ያ ደግሞ የሁለት ዓመት ብድር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ፣ ሞንትጎመሪም ግቢ ኮሌጅ ፓርክም፣ የመጀመሪያውን ዓመት አናቶሚና ኬሚስትሪ ጨምረሽ ውሰጂ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ለክረምት ደግሞ እናትሽ የምትሰራበት ነርሲንግ ሆም ቮለንቲር አድርጊ። ሁለት ወር አልጋ ስታነጥፍ ከርማ ወይ ትወደዋለች ወይ «እማ ይሄንን ነው እንዴ ስትሰሪ የኖርሽው?» ትልሻለች፣ ሁለቱም ጥሩ ነው።

ዲሲን ጨርሶ ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ይቀርሻል። የ2026–27 ፋፍሳ (የፌዴራሉ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) የሚያየው የ2024 ገቢያችሁን ነው፣ ባለቤትሽ ስራው የቀዘቀዘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጋ ደውለሽ ገቢያችን ቀንሷል፣ እንደገና እዩልን በይ፣ የ2025 ታክሳችሁን፣ የኡበሩን የወር ሪፖርት፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘሽ። ኮሌጅ ፓርክም እንደዚሁ ጠይቂ። ልጅቷ አብራሽ ትደውል፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አርጉት፣ 38 ሺ የቀረው ከዋጋው ላይ ስንት ብድር ስንት ግራንት ተቀንሶ እንደሆነ አንድ በአንድ ይንገሯችሁ፣ አንዳንዱ ደብዳቤ ብድሩንም «ኤይድ» ብሎ ነው የሚደምረው። 38ቱ ወደ 15 ከወረደ እንደገና እናወራለን፣ ካልወረደ ዲፖዚቱን (የቦታ መያዣውን) ለኮሌጅ ፓርክ ክፈሉ። የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 እንዳያመልጥሽ፣ የመለሱልሽን ደግሞ ጻፊልኝ።